ጠርሙስ ከበው የማይጠጡ ሰዎች

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እዚህ ሮም፣ ፖርታ ፖርቴዜ የሚባለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ጎራ ብዬ፣ ከአሮጌ ሹካና ማንኪያ መካከል መዳፍ ውስጥ የምትጠፋ የመጠጥ ጠርሙስ አነሳሁና ክዳኗን ከፍቼ አሸተትኩ። የቆየ የአኒስ አረቄ ሽታ ነበራት፤ ወዲያው ሐሳቤ ፕራቲ ሰፈር፣ ሲኞር ቪቶሪዮ ሳሎን ገባ።

ዩሮ ሳይመጣ፣ ገና በሊሬ የምንገበያይበት ዘመን ነው። እማዬ ሚስታቸው የሞቱባቸውን እኚህን ሽማግሌ ትጦር ነበር፤ የምንኖረውም ከማድቤታቸው ጎን ባለች ክፍል ነው። እሳቸው ካስወጧት ክፍሉም ፔርሜሶዋም፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ማለት ነው፣ አብሮ ይሄዳል። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት ሦስት ጓደኞቻቸው ይመጣሉ። ክበብ ናቸው፤ ሚኞን የሚባሉትን እነዚያን ትንንሽ ጠርሙሶች የሚሰበስቡ፣ በማጉያ መነጽር የሚመረምሩ፣ ስለ አንዲት ቡሽ ሻይ እስኪቀዘቅዝ የሚከራከሩ። ቁም ሳጥኑ ከላይ እስከ ታች አማሮና ሳምቡካ በሚባሉ አረቄዎች ተሞልቶ አንዲት ጠብታ የሚቀምስ የለም፤ የተከፈተ ጠርሙስ ለእነሱ ዋጋ የለውም።

እማዬን ያስጠረጠራት ይኸው ነው። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» የምትል ሴት፣ አረቄ ከቦ የማይጠጣ ሽማግሌ እንዴት ይዋጥላት? ሐሙስ፣ በእረፍቷ፣ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ከጓደኞቿ ጋር ስትመክር «መተት ነው» ተባባሉ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ በማርያም ቀን፣ ሽማግሌው ሲወጡ ጠብቃ ቁም ሳጥኑን ከፍታ ከአዲስ አበባ የተላከላትን ጸበል ትረጭበታለች። እኔም በሩ አጠገብ ቆሜ ጠርሙሶቹን በዓይኔ እጠብቃለሁ፤ አንዱ የተነቃነቀ የመሰለኝ ጊዜም ነበር።

ውሎ አድሮ ጠርሙሶቹ ላይ የተለጠፉት አሮጌ ወረቀቶች ይዥጎረጎሩ ጀመር። እማዬን ማንም አልጠረጠራትም፤ በጠርሙስ የምትቀና ሠራተኛ ማን አይቶ ያውቃል? ሲኞር ቪቶሪዮ የጠረጠሩት የልጅነት ጓደኛቸውን ሲኞር ኤንዞን ነው፤ በቅናት እጁን አርጥቦ እየነካካ ነው አሉ። እንግዶቹ ሲመጡ ቁም ሳጥኑን መቆለፍ ያዙ። ሲኞር ኤንዞ ያንን አይተው ቀሩ፤ ሌሎቹም እርስ በርስ እየተያዩ ቀሩና ክበቡ ፈረሰ።

እማዬ መጀመሪያ ጸበሉ ሠራ ብላ ደስ አላት። ኋላ ግን ሽማግሌው በየማክሰኞው ክራቫት አስረው ብቻቸውን ሲቀመጡ አንጀቷ አልቻለም፤ ወረቀቶቹንም ቀረብ ብላ ስታይ የነጠብጣቡ ነገር ገባት። ሻንጣችንን አዘጋጅታ ፊታቸው ቆመች።

«ሲኞሬ፣ እኔ ነኝ። ጸበል ረጭቼበት ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደግ ሴት ነሽ፤ ኤንዞን ልታድኚው ነው። ቫ ቤኔ፣ ይሁን፣ እራት አቅርቢ።»

ብትምልም አላመኗትም። ክፍላችንም ፔርሜሶዋም ዳነ፤ እማዬ ግን እያለቀሰች እራቱን አቀረበች።

ሲኞር ቪቶሪዮ ሲቀበሩ ከክበቡ የመጡት ሲኞር ኤንዞ ብቻ ነበሩ። እማዬ ጠጋ ብላ እውነቱን ነገረቻቸው። እሳቸውም፣ «እኔ ደግሞ እሱ ራሱ ያበላሻቸው መስሎኝ ነበር፤ እኔን ለማራቅ ብሎ» አሉ።

የሲኞር ኤንዞ ቤት ከሲኞር ቪቶሪዮ ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነበር። ያን ሁሉ ማክሰኞ ሁለቱም ለየብቻቸው ተቀምጠው አሳለፉት።