እህቴ የላከችው ፍሪዘር

አባቴ ወጣትነቱን የጨረሰው ደሴ ውስጥ፣ ከአንድ መጠጥ ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ ድራፍት ሲቀዳ ነው። እኔና ታላቅ እህቴም የተወለድነው እዚያው ነው። መንግሥት በተለወጠ ማግስት እማዬ «ከእንግዲህስ ከወገኖቼ ጋር ልኑር» ብላ ስትነሳ ጓዛችንን ጠቅልለን ወደ አገሯ ወደ ሰቆጣ መጣን። እሷ ጠላ ጠምቃ መሸጥ ጀመረች፤ አባዬ ደግሞ የአንድ እህል ነጋዴ መጋዘን ዘበኛ ሆነ። ሥራውን አልጠላውም። ብቻ ወሬው ዞሮ ዞሮ ደሴ ይገባበት ነበር። ብርጭቆው እንዴት እንደሚያዘነብል፣ አረፋው ምን ያህል ሲሆን ለዓይን እንደሚያምር በባዶ እጁ እያሳየ ያወራል። የእማዬ ደንበኞች ጠላቸውን ይዘው ይሰሙታል።

«አንተ ሰውዬ፣ ጠላዬን ልታስጠላብኝ ነው?» ትለዋለች እማዬ። ይስቃል።

እህቴ በልጅነቷ ደሴ ሳለን ምሳውን ታደርስለት ነበር። ባንኮኒው ላይ ያስቀምጣትና የአረፋዋን ጫፍ በማንኪያ ያቀምሳታል። ፊቷን አጨማድዳ «መራራ ነው» ትላለች፤ በማግስቱ ግን ራሷ ትጠይቀዋለች። አባዬ ይህችን ታሪክ ሲነግር ፊቷን እያጨማደደ እሷን ይመስላል።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ የማትሪክ ውጤት ሳይመጣላት ቀረ። አንድ ዓመት ያህል እማዬን ስታግዝ ቆየችና በደላላ ቤሩት ሄደች። ያኔ ከሰፈራችን የሚሄደው ብዙ ነበር፤ ሴቱ ወደ ዐረብ አገር፣ ወንዱ ወደ ሁመራና ወደ አዲስ አበባ። መጀመሪያ ላይ ቴሌ ቀጠሮ እየያዘች ትደውልልን ነበር። ሦስታችንም ታጥበን፣ ለቤተ ክርስቲያን እንደሚኬድ ለብሰን እንሄዳለን። «ደኅና ነኝ። ሰዎቹ ጥሩ ናቸው» ትላለች። ሌላ አትጨምርም። እማዬ በአገሯ ቋንቋ በኽምጣና ስታናግራት ድምፅዋ ይለሰልሳል፤ ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል።

አንድ የገበያ ቀን ከወልድያ የመጣ አይሱዙ በራችን ላይ ቆመና ከጭነቱ አናት ላይ ነጭ ዲፕ ፍሪዘር አወረዱልን። እህቴ በአንድ ነጋዴ በኩል አስገዝታው ነው። ሣጥን መሳይ፣ ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈት፣ ሁለት ሰው የሚያስተኛ የሚያህል። ሰፈሩ በሙሉ ሊያየው መጣ። መብራት ቀንም ማታም መሆን ከጀመረ ብዙም አልቆየም ነበር።

በቀጠሮው ቀን እማዬ ጠየቀቻት። «ልጄ፣ ምነው ፍሪዘር? አልጋ አይሻልም ነበር?»

«ለስላሳና ቀዝቃዛ ውሃ ሽጪበት እማዬ። ሥጋም ይቀመጥበታል።»

«የምን ሥጋ?» አለች እማዬ ስልኩን ከዘጋች በኋላ። አባዬ ግን ኩራቱን አልቻለውም። ጥልፍ ጨርቅ አለበሰውና ለገባው ለወጣው «ልጄ የላከችው ነው» ይል ነበር።

ከዚያ በኋላ ስልኩ እየራቀ ሄደ፤ በመጨረሻም ጭራሽ ጠፋ። እማዬ ለየታቦቱ ተሳለች። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ከሚሊኒየሙ በፊት ባለው ዓመት፣ አንዲት አብራት የነበረች ልጅ ደውላ «ለፋሲካ ትመጣለች» አለችን። ምን ሆና እንደምትመጣ አልነገረችንም። እኛም ልጅ መጣች ከተባለ ሌላ ምን ይጠየቃል ብለን ዝም አልን።

አባዬ በዚያው ሳምንት ፍሪዘሩን ከግድግዳ ስቦ ዙሪያውን እየዞረ ሲያየው አገኘሁት።

«ይሄን የድራፍት ማሽን እናደርገዋለን» አለኝ። «ልጄ በገዛ ቤቷ ድራፍት ትጠጣለች። እኔ ነኝ የምቀዳላት።»

ወልድያ ኤሌክትሪክ ተምሬ ሰቆጣ ውስጥ መስመር የምዘረጋበት ጊዜ ነበር። «አባዬ፣ ይሄ እኮ በረዶ ነው የሚሠራው። ቢራው ድንጋይ ይሆናል» አልኩት።

«ታዲያ እንዲያቀዘቅዝ እንጂ እንዳያደርቅ አድርገዋ! ምን ተምረህ ነው የመጣኸው?»

ጀሪካን ሙሉ ውሃ አስገብተን ሞከርነው። ሲነጋ ጀሪካኑ ለሁለት ተሰንጥቆ አገኘነው። አባዬ ሳቀ፤ እኔ ወልድያ ወርጄ ቴርሞስታት አመጣሁ። ውስጡ በቂ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪኩን ቆርጦ ሞተሩን ያቆማል፤ ሞቅ ሲል ቀጭ ብሎ መልሶ ያስነሳዋል። ይህ ሲሳካ ለቧንቧው ቀዳዳ ልበሳ መሰርሰሪያ አነሳሁ። አባዬ እጄን ያዘኝ።

«ግድግዳውን እንዳትነካው! የሚያቀዘቅዘው ጋዝ የሚዞርበት ቱቦ በዚያ ውስጥ ነው ያለው። ከበሳኸው ሞተ በለው።»

ስለዚህ ክዳኑን ፈታነው። አናጢ በፍሪዘሩ አፍ ልክ ከዋንዛ ሳንቃ አራት ማዕዘን ፍሬም ሠራልን፤ እሱን አፉ ላይ አስቀምጠን ክዳኑን ከፍሬሙ በላይ መልሰን ገጠምነው። ቧንቧው የሚወጣው በእንጨቱ በኩል ሆነ። አባዬ ፍሬሙን በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልስ ሰነበተ። ከዚያ ደሴ ሄደ። የጥንት አሠሪው አርጅተዋል፤ እሱን ሲያዩ አልቅሰው፣ ከመጋዘን አንድ አሮጌ የነሐስ ቧንቧ አውጥተው ሰጡት። በጋቢው ጠቅልሎ አመጣውና በሎሚና በአመድ እያሸ ወርቅ አስመሰለው። የቢራውን በርሜልና ቢራውን የሚገፋውን የጋዝ ሲሊንደር ከከተማችን ሆቴል ለምኖ ተዋሰ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስንከፍተው የወጣው አረፋ ብቻ ነው። እኔ ተስፋ ቆረጥኩ። አባዬ «በርሜሉ መንገድ ላይ ሲናጥ ነው የመጣው፤ ይረፍ» አለና ጋዙን ቀነሰ፤ ከበርሜሉ ወደ ቧንቧው የሚሄደውንም ጎማ አስረዘመው። በማግስቱ ብርጭቆውን አዘንብሎ ቀዳ። ቢራው ጠርቶ ወረደ፤ አረፋው ከላይ ተቀመጠ። ቀምሶ ዓይኑን ጨፈነ።

«ደሴ ነው» አለ። እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

እህቴ ከወልድያ አውቶቡስ ስትወርድ መጀመሪያ አላወቅናትም። ከስታለች፤ የያዘችው አንዲት የእጅ ቦርሳ ብቻ ነው። የእማዬንና የአባዬን ጉልበት ሳመች። «እታለም» ብዬ ሳቅፋት አጥንቷ እጄ ላይ ቀረ። ቤቱ በሰው ሞልቶ ጠበቃት፤ የእማዬ ታላቅ እህት ከአበርገሌ ሳይቀሩ መጥተዋል። አባዬ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ደሴ እንደለመደው ወገቡ ላይ ፎጣ አስሮ ከፍሪዘሩ አጠገብ ቆመ።

«ማንም ከልጄ በፊት አይጠጣም!» አለ። ቀድቶ በሁለት እጁ ሰጣት።

በሁለት እጇ ተቀበለችው። ጎንጨት አለችና ቀስ ብላ ፈገግ አለች። «አባዬ፣ ዛሬም መራራ ነው» አለችው።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፤ እማዬ እልል አለች። ለሁሉም ተቀዳ። ጨዋታው እየሞቀ ሳለ ቴርሞስታቱ ቀጭ አለና ሞተሩ ተነሳ። እኛ ሰምተነውም አናውቅ፤ ለምደነዋል። እህቴ ግን ብርጭቆዋን መሬት አስቀመጠች። ተነሳች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጠቀለለችና ፍሪዘሩ ሥር ተንበርክካ መጥረግ ጀመረች፤ ክዳኑን፣ ፍሬሙን፣ ቧንቧውን፣ ከዚያም ወለሉን።

«ልጄ፣ ተይው፤ ቁጭ በይ» አላት አባዬ።

ቀና ሳትል በዐረብኛ መለሰችለት። «ሐዲር፣ ማዳም።» እሺ ማለቷ ነበር።

አባዬ ያስቸገራት ድምፁ መስሎት፣ ወይም ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት፣ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለው። ሞተሩ ቀጥ አለ። ያኔ ነው የጮኸችው። እንዲያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። «እኔ አይደለሁም! አልነካሁትም! እኔ አላጠፋሁትም!» እያለች ጭንቅላቷን በእጇ ሸፈነች። ዘልዬ ገመዱን መልሼ ሰካሁት። ሞተሩ ሲነሳ ጀርባዋን ፍሪዘሩ ላይ አስደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ትንፋሿ ቀስ በቀስ ተመለሰ።

እንግዶቹ ግማሽ የቀረውን ብርጭቋቸውን ወንበራቸው ሥር እያስቀመጡ፣ ከለቅሶ ቤት እንደሚወጣ ሰው ድምፅ ሳያሰሙ አንድ በአንድ ወጡ። «እግዜር ይማራት» አሉ አንድ ሽማግሌ ከደጅ። አባዬ ፎጣውን ከወገቡ ሳይፈታ ቆሞ ቀረ።

በኋላ ለእማዬ፣ በኽምጣና፣ ቁርጥ ቁርጥ እያደረገች ነገረቻት። እማዬ ደግሞ ለእኛ። ሰዎቹ ያስተኟት የነበረው ጓዳ ውስጥ፣ በአንድ ትልቅ ፍሪዘርና በግድግዳው መካከል ነው። ፍሪዘሩ ሥጋ ሙሉ ነው፤ ቁልፉ ግን ማዳሟ አንገት ላይ ነው። ቤተሰቡ ሲጓዝ በሩን ከውጭ ቆልፈውባት ይሄዳሉ፤ ደረቅ ዳቦ ይተዉላታል። አንዴ እንዲያ ተቆልፎባት ሳለ መብራት ጠፋና ሥጋው ተበላሸ። ሲመለሱ አንቺ ነሽ ያጠፋሽው ብለው ደበደቧት። ከዚያ በኋላ መብራት ጠፍቶ ሞተሩ በቆመ ቁጥር ትደነግጣለች፤ ሲሠራም እንቅልፍ አይወስዳትም። ስልኩንም የከለከሏት ያኔ ነው።

«ታዲያ እንዲህ እየሆነች ለምን ፍሪዘር ላከችልን?» አለ አባዬ።

«ጠይቄያት ነበር» አለች እማዬ። «ፍሪዘር ያለው ቤት አይራብም ብዬ ነው አለችኝ።»

አባዬ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ፍሪዘሩን ማጥፋት አልቻልንም። በርሜሉ ሆዱ ውስጥ እንዳለ፣ ማንም የማይጠጣውን ቢራ እያቀዘቀዘ ሲሠራ ሰነበተ። እህቴ ከጎኑ ተነስታ ምግብ እንድትቀምስ እንለምናታለን። ቴርሞስታቱ ቀጭ ብሎ ሲያቆመው መልሶ እንደሚነሳ ታውቃለችና አትደነግጥም፤ ችግሩ የሰቆጣ መብራት ነበር፤ ቀን በቀን ይጠፋል። መብራት ሄዶ ሞተሩ ቀጥ ሲል ሰውነቷ ሲንቀጠቀጥ አባዬ ይሮጥና አጠገቧ ይቀመጣል። አፉን ገጥሞ በጉሮሮው «እምምምም» ይላል፤ እንደ ሞተሩ። መብራት እስኪመጣ እንዲያ ይላል። ትንፋሽ ሲያጥረው እኔ እቀበለዋለሁ። ጎረቤት ይህን ሲሰማ ምን እንዳለ አላውቅም፤ እኛ ግን አላፈርንም። እሷ ትከሻው ላይ ጭንቅላቷን ጥላ ጸጥ ትልለት ነበር።

ጠበል ወሰድናት። ከቤት ስትወጣ ይሻላታል፤ ስትመለስ ያው ነው። በመጨረሻ አክስቴ ከአበርገሌ ዳግመኛ መጡና አባዬን ፊት ለፊት ተናገሩት።

«ልጅቷን ስጠኝ። እኔ ዘንድ መብራትም የለ፣ ሞተርም የለ። እሷን የራባት እንቅልፍ ነው።»

«ስንት ዓመት አጥቼያት ገና አሁን መጣችልኝ እኮ» አላቸው።

«አውቃለሁ ወንድሜ። ግን እዚህ አልመጣችም፤ እዚያው ነው ያለችው።»

አባዬ በነጋታው የእህቴን ልብሶች ራሱ አጥፎ ጠቀለለላት። አበርገሌ ቆላ ነው፤ ሙቀቱ ከባድ፣ መንገዱም ክፉ ነው። በወሩ አክስቴ በገበያተኛ «ተኝታለች፤ ፍየል ታልባለች፤ ትበላለች» ብለው ላኩብን።

እህቴ በሄደች ዕለት አባዬ ፍሪዘሩን አጠፋው። ክዳኑን ሲከፍት ቢራው ኮምጥጦ ነበር። ወደ ጓሮ ወስዶ በርሜሉን እስኪንጠፈጠፍ ደፋው፤ ከዚያ አጥቦ ለሆቴሉ መለሰ። የእንጨቱን ፍሬም ፈትቶ ክዳኑን እንደ ጥንቱ ገጠመውና አምደወርቅ ላለ አንድ ነጋዴ ሸጠው። የነሐሱን ቧንቧ የት እንዳደረገው አልነገረኝም። የእማዬ ደንበኞች «እስቲ ስለ ደሴ አጫውተን» ሲሉት «ረሳሁት» ይላል። ከዚያ በኋላ ስለ ደሴ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

ጉልበቱ እስከቻለ ድረስ ግን አበርገሌ ይወርድ ነበር። ስኳርና ሳሙና ይዞላት ይሄዳል። እዚያ ምን እንደሚያወሩ ስጠይቀው «ምንም። ጥላ ሥር ቁጭ እንላለን» ይለኛል። አንዴ ሲመለስ «ዛሬ ሳቀች» አለኝ፤ በምን እንደሳቀች ግን አላስታወሰውም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሳንባው ታመመ። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ መልእክት ላክንባት፤ መንገዱ ላይ ያለው ወንዝ ሞልቶ ኖሮ ሳትደርስለት አባዬ አለፈ። እሷ ከአክስታችን ጋር በእግር የመጣችው ከቀብሩ በኋላ ነው።

ድንኳኑ ውስጥ ከእማዬ ጎን ተቀመጠች። ጮክ ብላ አላለቀሰችም። በኽምጣና፣ ለእማዬ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ ሰውነቷን እያወዛወዘች አባዬን ጠራችው። ለቀስተኛው ሲበተን እንድትቀር ለመንኳት።

«እታለም፣ ፍሪዘሩ እኮ የለም። ቤቱ ባዶ ነው። እማዬም ብቻዋን ናት።»

በፍቅር አየችኝ። «አውቃለሁ ወንድምዬ» አለችኝ። «እማዬን ልውሰዳት ብዬ ለምኛት ነበር፤ እምቢ አለችኝ። እኔ ግን እዚህ መተኛት አልችልም። እዚያ ሲመሽ ይጨልማል፣ ሲነጋ ይነጋል። ሌላ የምጠብቀው ነገር የለም።»

በማለዳ እስከ ከተማው ዳር ሸኘኋቸው። ጓዟን ተሸክሜላት ነበር፤ ቁልቁለቱ ሲጀምር ተቀበለችኝና ሁለቱንም ጉንጬን ሳመችኝ። አክስቴን ተከትላ ወረደች። ከዚያ ወዲህ ሰቆጣ አልመጣችም። ስኳርና ሳሙና ይዤ የምወርድላት እኔ ነኝ።