ግልብጡ ጌጅ

እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ ሞተሬ እንጦጦ ላይ መቆሟ አይደለም። ሞተር ይቆማል። የሚያስደነግጠኝ ከዚያ በፊት አራት ቀን ሙሉ፣ በነዳኋት ቁጥር ታንኩ ውስጥ ያለው ነዳጅ እየጨመረ እንደሚሄድ አምኜ መንዳቴ ነው። ሐኪም ያዘዘልኝን ክኒን ከመዋጤ በፊት ወረቀቱን ሦስት ጊዜ የማነብ፣ በሰው ሠርግ ላይ ሳይቀር ቆሜ የምከራከር ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ግን አንድም ጥያቄ አልጠየቅሁም።

ዘመኑ የሰማንያዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ቀበና ወንዝ ዳር እንኖር ነበር። ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ መሐንዲስ የገዛኋት ጃፓን ሠራሽ ሞተር ሳይክል ነበረችኝ። ከተማው ውስጥ መሰሏ ስለሌለ ሰው ዞሮ ያያት ነበር፤ መለዋወጫ የማይገኝላትም በዚያው ምክንያት ነው። አንድ ቀን ደጃፌ ላይ ወደቀችና የነዳጇን ልክ የሚያሳየው ጌጇ እንክትክቱ ወጣ። ሌሎች ሞተሮች ነዳጅ ሊያልቅ ሲል የምትዞር የመጠባበቂያ ቧንቧ አላቸው። የእኔዋ ጌጅ አለኝ ብላ ነው መሰል ያቺ ቧንቧ አልነበራትም። ጌጁ ከሞተ መሄድ በጭፍን ነው፤ ነዳጅ ደግሞ በዚያ ዘመን እንደ ልብ አይገኝም።

የሰፈራችን መካኒክ ከድልድዩ አለፍ ብሎ፣ ድሮ የአባቱ እርሻ በነበረ መሬት ላይ በቆርቆሮ አጥሮ ይሠራ ነበር። እኩያዬ ነው። ብሎን አልፈታ ሲለው በኦሮምኛ ይቆጣል፣ ደንበኛ ሲመጣ በአማርኛ ይስቃል። ሞተሯን ዞሮ ዞሮ አያትና፣

«የዚህች ጌጅ እዚህ አገር የለም። የሌላ ሞዴል ግን አለኝ» አለኝ።

«ይገጥማል?»

«አይገጥምም። እንዲገጥም ነው የማደርገው።»

ሁለት ቀን ፈጀበት። የእኔ ሞተር የጌጅ ማስቀመጫ ጠባብ ነው፤ የተገኘው ጌጅ ደግሞ ሰፊ። ከዘይት ቆርቆሮ ላሜራ ቆርጦ ክብ ማቀፊያ ሠራለት፤ እንዳይንቀጠቀጥ ዙሪያውን ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ጠቀጠቀው፤ ሽቦዎቹን ቀጣጠለ። ያየው ሰው ከፋብሪካ አብሯት የወጣ ነው የሚለው። ከዚያ ታንኩን ጢም አድርገን ሞላንና ቁልፉን ስንከፍት ቀስቱ ወርዶ ወርዶ ታች ቀዩ ላይ ተኛ። ባዶ ማለት ነው። ጥቂት ነዳጅ ወደ ጀሪካን ስንቀዳ ቀስቱ ከፍ አለ።

መካኒኩ ራሱን አከከ። ታንኩ ውስጥ እየተንሳፈፈ ልኩን ለጌጁ የሚነግረው ዕቃ የሞተሬ የራሷ ነው፤ ጌጁ የሌላ። አንዱ «ሞላ» ሲል ሌላው «ጎደለ» ብሎ ይሰማል። ትንሽ አሰበና የእጅ ሰዓቴን በቅባታም ጣቱ ነካ ነካ አደረገው።

«ትንሹ ቆጣሪ አሥራ ሁለት ላይ ሲሆን ስንት ሰዓት ነው ትላለህ?»

«ስድስት።»

«አየህ! ቁጥሩን ሳይሆን ማዶውን ነው የምታነበው። ይህንንም እንደዚያው አንብበው።»

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ማዶ ለማዶ ማንበብ ለእኛ ምን አዲስ ነገር አለው? ሬዲዮው የስኳር ምርት ከዕቅድ በላይ ሆነ ሲል ባለቤቴ የቀረችንን ስኳር ትሸሽግ ነበር። በሳምንቱ ለመድኩት። ቀስቱ ታች ሲሆን ሙሉ፣ ላይ ሲሆን ባዶ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ብቻ፣ በቀጥታም ተነበበ በግልባጭ፣ ያው ግማሽ ነው።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ይጀምራል፤ ጻፍኩት። በጋዜጣ ላይ አንድ ዓምድ ነበረኝ፤ እዚያ ላይ ስለ ግልብጥ ጌጅና ስለ ግልብጥ አንባቢ ተራቀቅሁ። ስም አልጠራሁም። «ከቀበና ድልድይ አለፍ ብሎ ያለ መካኒክ» ነው ያልኩት፤ ከድልድዩ አለፍ ብሎ ያለው መካኒክ ግን አንድ ነው። ያመሰገንኩት መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ «ግልብጤ» ይለው ጀመር።

«ግልብጤ፣ አጥብቅ ስልህ እንዳታላላው!»

«ወደፊት ስነዳው ወደ ኋላ እንዳይሄድብኝ አደራ!»

እኔም ቆሜ ስቄያለሁ። እሱም ይስቃል። ሳቁን ሳቅ ነው ብዬ ቆጠርኩት።

ከሁለት ወር በኋላ ፍሬን እንዲያስተካክልልኝ ሞተሯን ትቼለት ሄድኩ፤ ታንኩ ግማሽ ነበር። ስመለስ አጥቦ አስውቦ ጠበቀኝ። ቀስቱ እንደተውኩት መሐል ላይ ነው።

«ፍሬኑን አዲስ አድርጌዋለሁ» አለኝ። ሌላ ነገር ሊል ከንፈሩን ከፈተና ፈገግ አለ። «የቀረውን አንተው ታየዋለህ።»

እጥበቱን ነው ብዬ አመሰገንኩት።

በማግስቱ ቀስቱ ከግማሽ ዝቅ ብሏል፤ ከግማሽ በላይ አለኝ ማለት ነው። ቤታችን ዳገት ላይ ስለሆነ ታንኩ ተጋድሞ ነው አልኩ። በሦስተኛው ቀን ሲኤምሲ ደርሼ ተመለስኩ፤ ቀስቱ ደግሞ ወረደ። ምን ያህል ቆጣቢ ሞተር ነች አልኩ። በአራተኛው ቀን ማታ ቀስቱ ቀዩን ነካ፤ ሙሉ ታንክ አለኝ ብዬ ተኛሁ። ሰው ክፉ ወሬ ሲሰማ ምስክር ይጠይቃል፤ ደግ ወሬ ግን ዝም ብሎ ይገባል። ይህን ስለ ሌሎች ሰዎች ስንት ጊዜ ጽፌ ነበር!

በአምስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከእንጦጦ የመጣ የአማቴ ጎረቤት ነው። አማቴ በእንጦጦ ካሉት የጥንት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ዕድሜያቸውን በዜማ መምህርነት የጨረሱ መሪጌታ ናቸው። ከትናንት ጧት ጀምሮ ሽንት አልወጣ ብሏቸዋል። ባለቤቴ ፊቷ አመድ መሰለ። ባለፈው ዓመት እንዲሁ ሆነው ነበር፤ ሐኪሙም ዳግመኛ ቢይዛቸው በሰዓቱ ካልደረሱ ኩላሊታቸው እንደሚጎዳ አስጠንቅቋት ነበር።

«ነዳጅ አለህ?» አለችኝ።

«ጢም ብሏል» አልኳት፤ ቀዩ ላይ የተኛውን ቀስት በኩራት እያሳየሁ።

ሞተሯ ዳገቱን ሳታጉረመርም ወጣች። አማቴ ባሕር ዛፎቹ መሐል ደጃፋቸው ላይ በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆመዋል። ብርድ ነው፤ ግንባራቸው ግን ያልበዋል።

«እንደምን አደሩ አባባ?»

«አታናግረኝ ልጄ። ብቻ ጉድጓድ ጉድጓዱን እለፈው።»

ከኋላዬ ተፈናጠጡ። ከቤታቸው እስከ ዋናው መንገድ አጭር ዳገት አለ። እኩሌታው ላይ ሞተሯ ሁለቴ ሳል አለችና ጸጥ አለች። ጌጁን አየሁ፤ ሙሉ። ስለዚህ ችግሩ እሳት የሚጭረው ካንዴላ ነው። አማቴን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ካንዴላውን ፈታሁ፣ ጠረግሁ፣ መለስኩ። አልነሣ አለች። ሽቦ ነው ብዬ ሽቦውን ፈተሽኩ። እንደገና ካንዴላውን ፈታሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሄድ አይቀርም፤ አማቴ ድንጋዩ ላይ ወገባቸውን ይዘው አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ ይላሉ።

«ነዳጅ ጨርሰህ እንዳይሆን።»

«ሙሉ ነው አባባ፤ ጌጁ ይናገራል።»

«እኔ ጌጅ የለኝም፤ ሲሞላ ግን አውቀዋለሁ» አሉና በግድ ተነሡ። በመቋሚያቸው ጫፍ ታንኩን ቀስ ብለው መቱት። አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከጎን፤ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ስልሳ ዓመት ከበሮ የሰማ ጆሮ ነው።

«ይህ ባዶ ነው» አሉ።

ክዳኑን ከፈትኩ። ውስጡ ደርቆ ያብለጨልጫል። ጌጁን አየሁ፣ ታንኩን አየሁ፣ ደግሞ ጌጁን አየሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስቱ የሚለውንና ታንኩ ውስጥ ያለውን አንድ ሆነው አገኘኋቸው። ጌጁ እውነት እየተናገረ ነበር። ለአራት ቀን እውነት ሲነግረኝ ገልብጬ ስሰማው ነበር።

የሞላውን ሰውዬ በባዶዋ ሞተር ላይ አስቀምጬ መግፋት ጀመርኩ። እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት ቆም ብላ አየችን።

«እኔስ እንጨቱ ይሸጥልኛል፤ አንተ ምን አገኝ ብለህ ነው ብረት የምትገፋው?»

ሸክሟን አውርዳ ግን አብራኝ ገፋች። አማቴ በሕመማቸው መሐል «ሆሣዕና መሰልን» አሉ። ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ ቁልቁለቱ ተቀበለን። ማርሽ አውጥቼ ለቀቅኋት። ያን መንገድ ያለ ሞተር ድምፅ፣ ነፋሱን ብቻ እየሰማን ወረድን። በየጠመዝማዛው ፍሬኑን ስይዝ እንደታዘዘ ይይዛል። የያዘልን ያ ግልብጤ የምንለው ሰው የሠራው ፍሬን ነው። ለጥ ያለ ቦታ ሲያጋጥመን እየገፋሁ፣ ሲቆለቁል እየተፈናጠጥኩ ጋራዡ በር ላይ ደረስን።

መካኒኩ ፊቱ በርቶ ወጣ።

«አየኸው አይደል? የዚያኛውን ሞዴል ተንሳፋፊ ስፈልግ ከርሜ አገኘሁት! ክንዱን አጥፌ ታንክህ ውስጥ አስገባሁት። አሁን በቀጥታ ነው የሚነበበው!»

«ሳትነግረኝ?» ጮኽኩ። «ሰው ልትገድል ነበር እኮ!»

«እውነት እንዲናገር ማድረግም ጥፋት ነው?» ፈገግታው ጠፋ። «እንድትደነቅ ብዬ ነው። ጻፍክብኝ፤ ይሁን አልኩ። ባለፈው ሳምንት ግን ልጄ ‹የግልብጤ ልጅ› ተብላ ከትምህርት ቤት እያለቀሰች መጣች። ይህንንም ይጻፈው ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

መልሴን አልጠበቀም፤ የአማቴን ፊት አይቶ ነበር። ቱቦ አንሥቶ ከሌላ ሞተር ነዳጅ በአፉ ስቦ ቀዳ፣ ተፋ፣ ወደ እኔ ታንክ ገለበጠ። ቁልፉን ከእጄ ተቀብሎ ተፈናጠጠ። «ይያዙኝ አባቴ» አላቸው፤ ወደ ሆስፒታል ሄዱ።

ጋራዡ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። አንድ ደንበኛ የጎማ ችግር ይዞ ገባ።

«ግልብጤ የለም?»

«አለሁ» አልኩት። «ግልብጤ እኔ ነኝ። መካኒኩን ከሆነ የምትፈልገው ሰው ሊያድን ሄዷል።»

ሰውዬው ልብሴን አየ፣ ፊቴን አየ፤ እብድ ነው ብሎ ወጣ።

መካኒኩ የተመለሰው ረፋዱ ላይ ነው። ከሞተሯ ሳይወርድ ገና «ወጣላቸው!» አለኝ። በቱቦ ነው የተቀዳላቸው። ሐኪሙ ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ አስቸጋሪ ነበር ብሏል። ከአማቴም መልእክት ይዞልኝ መጣ፤ «ለአማቼ ንገረው፣ የእኔ ጌጅ አሁን ባዶ ነው ይላል፤ በቀጥታ ያንብበው» ብለዋል።

ሳቅን። በዚያን ቀን እንዴት አብሮኝ እንደሳቀ ዛሬም ይገርመኛል። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ «ለእኔ አይደለም፤ እዚያው የጻፍክበት ላይ» አለኝ። ጻፍኩ። የመጀመሪያውን ሁሉም ሰው አንብቦት ነበር፤ ይህኛውን ግን አነበብኩት ያለኝ አንድ ሰው አላገኘሁም። ስሙ ከመካኒኩ ላይ የወረደው በጽሑፌ ሳይሆን ያ ደንበኛ እኔ ያልኩትን ሰፈር ለሰፈር ስላዞረው ነው። ቀበና ውስጥ ግልብጤ ሲባል ዞሬ የማየው እኔ ሆንኩ።

ሞተሯን ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ነድቻታለሁ። ጌጁ አንድ ቀን እንኳ አልዋሸኝም። እኔ ግን እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ቀስቱ ወደ ቀዩ ሲወርድ ሳይ መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር፤ የምደነግጠው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ ወርጄ ታንኩን በጣቴ እመታውና ጆሮዬን አስጠጋለሁ።