እትዬ ዘይነባ አሚን ያሉለት ቃል

መጽሐፍ ላይ የሌለ ትርጉም ለሰው ማንበብ ውሸት ነው ወይስ ዱዓ? ዛሬም አላውቅም። ትናንት ሐይቅ ገበያ እርጥበት ያሳበጠው አሮጌ መዝገበ ቃላት ሸተተኝና ጥያቄው ተመልሶ መጣ።

ጦርነቱ ከውጫሌ ሲያፈናቅለን ሐይቅ አንድ ትምህርት ቤት ተጠለልን። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ገና ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ከተጠለልንበት ክፍል መደርደሪያ እንግሊዝኛን በአማርኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት አወረድኩና «ራን» የሚለውን ቃል ትርጉም ጮክ ብዬ አነበብኩ።

«ሮጠ።»

ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ከፍራሻቸው ቀና አሉ። «ሮጥንማ! እሱን ተይውና ሌላ ትርጉም የለውም?»

«ውሃ ፈሰሰ።»

መዳፋቸውን ዘረጉ። «አሚን!»

«ሞተር ሠራ።»

«አሚን! የወፍጮአችንን ያሠራልን!»

«ለምርጫ ተወዳደረ።»

«እሱስ ይቅርብን!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ሰዉ ሁሉ በየትርጉሙ አሚን ይል ጀመር። ትርጉሙ ሲያልቅ ግን እትዬ እጃቸውን አላጠፉም። ሳዑዲ ያለችው ልጃቸው ከደወለች ወራት አልፈዋል። ዓይኔን ከገጹ ሳላነሳ «ከሄደበት በሰላም ተመለሰ» አልኩ።

የዚያን ያህል የጮኸ አሚን ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እሷኑ አስነበቡኝ፤ እኔም አንድ ቃል ሳልለውጥ አነበብኩ።

ልንመለስ ጓዝ ስናስር ግን አላስቻለኝም። «እትዬ፣ ያቺ የመጨረሻዋ መጽሐፉ ላይ የለችም። ከራሴ ነው ያመጣኋት።»

ትክ ብለው አዩኝና ሳቁ።

«ታዲያ አንቺ ልጅ፣ እስክርቢቶ የለሽም?»