ሀሰን አቤት ያላለኝ ቀን

ቅዳሜ አብራችሁኝ ለመውጣት ከተነሳችሁ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ከዚያ በኋላ መምጣት የፈለገ ይምጣ። የቀረ ካለም አልቀየምም፤ መኪናው ውስጥ ለውሾቹ ቦታ ይሰፋላቸዋል።

ጊዜው ጥር ላይ ነው። እናንተ ሚኒሶታ ተወልዳችሁ ስላደጋችሁ የጥርን ነገር እኔ አልነግራችሁም። ግን ያን ሰሞን ብርዱ ላላ ብሎ በረዶው መቅለጥ ጀምሮ ነበር። ከዚያ ድንገት መልሶ ሲቀዘቅዝ ከላይ ብርጭቆ የመሰለ ቅርፊት ሠራ። እንዲህ ያለው በረዶ ለአደን አይመችም። ሰው ሲረግጠው የሚሰማው ድምፅ ሌላ ነው፣ ውሾቹን እግራቸውን ይቆርጣቸዋል፤ ጥንቸሏ ግን ቀላል ስለሆነች ዱካ እንኳ ሳትተው ከላይ ከላዩ ትሄዳለች። በዚያ ላይ ነፋስ ነበር። ከቤት ሳልወጣ ጀምሮ ልቤ አልወደደውም።

አብሮኝ የወጣው ሀሰን ነው። ታውቁታላችሁ፤ ዌስት ሴንት ፖል፣ ሮበርት ስትሪት ላይ ትንሽ ሱቅ ያለችው የወሎ ሰው። ሆፕኪንስ አንድ አፓርትመንት ውስጥ ጎረቤት ሆነን ነው የተዋወቅነው። ውሾቹ ሁለት ናቸው፤ ቢግል የሚባሉት፣ ጆሯቸው የተንጠለጠለ፣ አፍንጫቸውን ከመሬት የማያነሱ። ወንዱን ፈንዲሻ፣ ሴቷን ወይዘሮ እላቸዋለሁ። ወይዘሮ ስሟን ያገኘችው በአመሏ ነው፤ እሷ ካልፈለገች ማንም አያዛትም።

ሰው ሲሰማ ይስቃል እንጂ እኔ ጥንቸል አልበላም። እኛ ቤት ጥንቸል ድስት ውስጥ ቢገባ ባለቤቴ ድስቱን ከነክዳኑ ነው የምትጥለው። ሀሰን ይበላል። ሀሰን ደግሞ ውሻ አይነካም፤ ምራቃቸው ካገኘው ልብሱን ሳያጥብ አይሰግድም። ስለዚህ ውሾቹ የኔ፣ ጥንቸሏ የሱ ብለን ተስማማን። «አንተ የማትበላውን ታሳድዳለህ፣ እኔ የማልነካው ያሳድድልኛል፤ ከኛ የባሰ እብድ የለም» ይላል።

ረጅም ጠመንጃ አልይዝም፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ያስቸግረኛል። የኔ ባለ አንድ ጥይት ሽጉጥ ነው። መሃሉ ላይ ታጥፎ ይከፈታል፣ አንዲት ጥይት ይጎርሳል፣ ይዘጋል። ለመተኮስ ከኋላው ያለችውን መምቻ በአውራ ጣት ወደ ኋላ ስቦ ማቆም ያስፈልጋል። እሷ ከቆመች በኋላ ቃታውን ነካ ካደረጋችሁት አለቀ። ሀሳባችሁን ከቀየራችሁ ደግሞ መምቻዋን በአውራ ጣት አጥብቆ ይዞ፣ ቃታውን እየሳቡ፣ ቀስ አድርጎ ወደ ቦታዋ መመለስ ነው። ሞቅ ባለ ቤት ውስጥ ይሄ የልጅ ሥራ ነው።

አደኑ ራሱ ሩጫ የለበትም። ውሾቹ ጥንቸሏን አስነስተው እየጮሁ ይከተሏታል፤ ጥንቸል ደግሞ ሰፈሯን ስለማትለቅ ትዞርና ወደተነሳችበት ትመለሳለች። አንተ ቆመህ ትጠብቃለህ። በዚህ ምክንያት እኔና ሀሰን ሁለት ሕግ ነበረን። ከሩቅ እንድንታይ የምንለብሰው ብርቱካንማ ልብስ ከገላ አይወልቅም። የውሾቹ ድምፅ ወደኛ ሲዞር ደግሞ እኔ «ሀሰን!» እላለሁ፣ እሱ «አቤት!» ይላል፤ ያለበትን ሳላውቅ መምቻዋን አላቆምም።

የሄድንበት እርሻ ከዌስት ሴንት ፖል ወደ ደቡብ ነው። ባለቤቱ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው፤ ጥንቸሎቹ የፖም ችግኞቹን ልጣቸውን እየላጡ ስለበሉበት እኛን ሲያይ ደስ ይለዋል። ሀሰን ሱቅ ውስጥ ሥራ ይዞት ዘግይተን ስለደረስን፣ መኪናውን ፓርክ አድርገን ስንወርድ ቀትር አልፎ ነበር። ሀሰን ገና ከመኪናው ሳይወርድ ሰዓቱን አየ፤ ሰማዩን አየ፤ ደግሞ ሰዓቱን አየ። ልብ አላልኩትም።

እኔ ትንሽ ጉብታ ላይ ቆምኩ። ከፊቴ የውሃ መውረጃ ቦይና የደረቀ ሸምበቆ አለ። ሀሰንን በግራዬ በኩል፣ የተሰበረው የእንጨት አጥር ጋ፣ አኻያ ዛፍ ሥር አቆምኩት። ከፊቴ ማንም የለም፤ ጥንቸሏ በዚያ በኩል ብትመጣ የምተኩሰው ወደ ታች፣ ወደ በረዶው ነው። ውሾቹን ስለቃቸው መጀመሪያ የሄዱት ወደ አጥሩ ነበር። አሸተቱ፣ ሸኑበት፣ ከዚያ ሸምበቆው ውስጥ ገቡ።

ብዙ ሳይቆዩ አስነሱ። ፈንዲሻ ቀጭን ድምፅ አለው፤ ወይዘሮ ወፍራም። ሁለቱ እየተቀባበሉ ሜዳውን አቋርጠው ራቁ፣ ራቁ፣ ከዚያ ድምፃቸው ጠፋ። በዚያ በኩል መኪና የሚበርበት መንገድ አለ። ጆሮዬን ባቆም የምሰማው ነፋስ ብቻ ነው። ወይዘሮ መንገዱ ላይ ወጥታ ቢሆንስ እያልኩ ቆምኩ። ጓንቴን ካወለቅኩ ቆይቻለሁ፤ በጓንት ያችን ትንሽ መምቻ መያዝ አልችልም። መጀመሪያ ጣቶቼን አመመኝ። ቆየት ሲል ሕመሙ ተወኝ፤ ይሄኛው ይበልጥ ያስፈራል።

ከዚያ የወይዘሮ ድምፅ ከሩቅ መጣ። እየዞሩ ነው።

«ሀሰን!» አልኩ።

መልስ የለም።

«ሀሰን! ኧረ አቤት በል!»

ዝም። ነፋሱ ወስዶት ይሆናል አልኩ፤ ኮፍያውን ጆሮው ላይ አጥብቆት ይሆናል አልኩ። አንገቴን አስግጌ ወደ አጥሩ ስመለከት በአኻያው ቅርንጫፎች መሃል ብርቱካንማው ይታየኛል። እዚያው ነው። ካቆምኩት ቦታ ንቅንቅ አላለም። ልቤ ግን እሺ አላለኝም። ውሾቹ ቀረቡ። መምቻዋን ሳብኳት፤ ቀጭ ብላ ቆመች።

ጥንቸሏ ከሸምበቆው ጫፍ ብቅ አለች። ዘለል ዘለል ብላ ቆመች፣ ጆሮዎቿን አቁማ ወደ ኋላዋ ታዳምጣለች። ሽጉጡን በሁለት እጄ ይዤ አፈሙዙን እሷ ላይ አሳረፍኩ። ጣቴን ቃታው ውስጥ አስገባሁ።

ከእሷ ጀርባ፣ ሸምበቆው መሃል፣ ቡናማ ነገር አየሁ። ዝቅ ያለ፣ የማይንቀሳቀስ። ወይዘሮ መሰለችኝ፤ ጀርባዋ እንደዚያ ነው። ግን የሷ ድምፅ ገና ከዚያ ማዶ ነው የሚመጣው። ጉቶ ይሆን? እዚያ ቦታ ላይ ጉቶ አላስታውስም። ይሄን ሁሉ የማስበው ዓይን እስኪርገበገብ ነው። ከዚያ ጉቶው ተነሳ።

ቀጥ ብሎ ቆመ። ትከሻ አለው፤ አንገት አለው። ሀሰን ነው። ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ያለ ጃኬት፣ በቡናማ ሹራቡ ብቻ። ሽጉጤ፣ ጥንቸሏና ሀሰን አንድ መስመር ላይ ናቸው።

ልጆች፣ እንደዚያን ጊዜ ፈርቼ አላውቅም። ጣቴን ከቃታው ላውጣ ብል ጣቴ ደንዝዟል፤ የት እንዳለ የማውቀው በዓይኔ አይቼ ነው። የቻልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌላ ምንም ከማድረጌ በፊት አፈሙዙን ወደ ቀኝ፣ ወደ ጉብታው ሥር አዞርኩት። ከዚያ መምቻዋን ልመልስ አውራ ጣቴን ጫንኩባት። አውራ ጣቴ አልያዛትም። አመለጠችኝ።

ሽጉጡ ጮኸ። ከጎኔ በረዶው ተፈናጠረ። ቀና ስል ሀሰን ጎንበስ ብሏል፤ ልክ ሆዱን እንደተመታ ሰው። ቀና አለ። ከዚያ ወደ ፊቱ ወረደና ሸምበቆው ዋጠው።

አፈሙዙን ማዞሬን አውቃለሁ። በረዶው ሲፈናጠር በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ሰውየው ወደቀ! ጥይት እንዲህ የጠነከረ በረዶ ላይ ነጥሮ ሊሄድ እንደሚችልም አውቃለሁ። ሽጉጡን ጥዬ ሮጥኩ። ቅርፊቱ በየእርምጃው እየተሰበረ እስከ ጉልበቴ ያሰምጠኛል፤ እየወደቅኩ፣ እየተነሳሁ፣ «እመቤቴ ድረሽልኝ፣ እመቤቴ ድረሽልኝ» እላለሁ። ሚስቱ አሚና ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ። በሩን ስትከፍትልኝ ምን ብዬ ነው የምጀምርላት? ውሾቹ ጥንቸሏን እያባረሩ በአጠገቤ አለፉ፤ ዞር ብዬም አላየኋቸውም።

ሸምበቆውን በክንዴ ገልጬ ገባሁ። ሀሰን ብርቱካንማ ጃኬቱን በረዶው ላይ አንጥፎ፣ ግንባሩን እላዩ ላይ ደፍቶ፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

እየሰገደ ነው።

እዚያው ከኋላው በረዶው ላይ ቁጭ አልኩ። እሱ አልቸኮለም። ቀና ብሎ ተቀመጠ፣ የቀረውን ጨረሰ፣ ፊቱን ወደ ቀኝ አዞረ፤ ቀጥሎ ወደ ግራ ሲያዞር እኔን አየኝ።

«መታሃት?» አለኝ።

እንባዬ መጣ። ተቆጣሁ፣ ሳቅኩም መሰለኝ።

«ስጠራህ አልሰማኸኝም?»

«ሰምቼሃለሁ። ሶላት ላይ ሆኜ እንዴት አቤት ልበልህ?»

«አጥሩ ጋ ብርቱካን ይታየኝ የነበረውስ?»

«ቆቤ ነዋ! የፊት መከለያው ግንባሬን ከመሬት ስለማያስነካኝ እዚያው አጥሩ ላይ ሰቀልኩት።»

«እዚያው አትሰግድም ነበር?»

«ውሾችህ ሸንተውበት? ንጹሕ ቦታ ፈልጌ ነው የመጣሁት። ዙህር ሶላት ሊያልፈኝ ሆነ፣ መስገጃውን ሱቅ ረስቼዋለሁ፣ ጃኬቱን አነጠፍኩ። ምን ሆነሃል አንተ? ፊትህ አመድ መስሏል።»

የሚመልስልኝ ሁሉ ልክ ነው። አንዱን እንኳ ይዤ ልቆጣበት አልቻልኩም፤ ይሄ ነው ያናደደኝ።

እጁን ይዤ ወደ ቆምኩበት ጉብታ ወሰድኩት። ጥይቷ በረዶው ውስጥ የገባችበትን ቀዳዳ አሳየሁት። አጥሩ ላይ የተሰቀለውን ቆብ አሳየሁት። ጥንቸሏ የቆመችበትን፣ ከዚያ በስተጀርባ የተሰበረውን ሸምበቆ አሳየሁት። አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ወላሂ ታዴ» አለ፣ «አደጋ የመጣበት ሰው ሶላቱን ማቋረጥ ይችላል። እኔ ግን አደጋ ላይ መሆኔን በምን ልወቅ?»

ውሾቹን ሰብስበን ወጣን። ወይዘሮ አልገባ ብላን መኪናው በር ላይ ቆማ ገላመጠችኝ፤ ጥንቸሏን አምጥታልኝ እኔ ማበላሸቴን ታውቃለች። ሮበርት ስትሪት ስንደርስ ሀሰን ስልኩን አውጥቶ አሚና ጋ ደወለ።

«ዳቦ ልግዛ?» አላት።

ድምፅዋ እስከኔ ይሰማል። «ምን ሆነሃል? ከመቼ ወዲህ ነው ጠይቀህ የምትገዛው?»

«ምንም አልሆንኩም። ዳቦ ልግዛ ወይ ነው ያልኩሽ» አለና ስልኩን ዘግቶ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። እኔም መንገዱ አልታየኝ ስላለ አንድ ሱቅ ደጃፍ ገብቼ መኪናውን አቆምኩ። ዳቦውን እኔ ነኝ ወርጄ የገዛሁት።

ከዚያ ወዲህ አደን አልተውንም። ግን ጥንቸሏን ከማየቴ በፊት ከጀርባዋ ያለውን አያለሁ። ብርቱካንማ ቀለም አይቼ ሰው አየሁ አልልም፤ ቆብ አቤት አይልም። የጠራሁት ሰው ዝም ካለኝ ከአፈሙዜ ፊት እንደቆመ ነው የምቆጥረው፤ ሽጉጡን ከፍቼ ጥይቷን ኪሴ እከታለሁ፣ ጥንቸሏ እግሬ ሥር ብታልፍም ትለፍ። እናንተም ከኔ ጋር ከመጣችሁ ጆሯችሁ ላይ የምትሰኩትን ነገር መኪና ውስጥ ትታችሁ ነው። ስጠራችሁ «ዋት?» ማለት የለም፤ አቤት ነው።

ሀሰን ሲሰግድ ደግሞ ውሾቹን ይዤ፣ ሽጉጡን ከፍቼ፣ ከኋላው የምቆመው እኔ ነኝ። ሰዓቱ እንዳያመልጠኝ ስልኬ ላይ የሶላት ሰዓት አስጭኛለሁ። አደን በሌለበት ወርም ይጮሃል። ላጠፋው ብዬ ስንት ጊዜ እጄን ሰድጄ ተመልሻለሁ። ከኤርፖርት ሰው ጭኜ ብሉሚንግተን ወዳለ ሆቴል ስነዳ አዛኑ ይጀምራል፤ አንዳንዱ የኛ አገር ሰው መስቀሌን ያይና ግራ ይገባዋል።

«ሙስሊም ነህ እንዴ?» ይለኛል።

«አይደለሁም» እለዋለሁ። «ጓደኛዬ ሊሰግድ ነው።»