ዓርብ የተጋገረው ፓይ

አሳየሽ ጎረቤቴ ናት። ሶዶ ውስጥ በአንድ ግቢ ስንኖር አሥራ አንድ ዓመታችን ነው፤ የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ ሳስል ትሰማኛለች። ዳቦ ጋጋሪ ናት። ጎህ ሳይቀድ ወጥታ ረፋዱ ላይ ስትመለስ እግሯ አብጦ ጫማዋ አይወልቅላትም። ባለፈው ወር አንድ ሆቴል የኬክ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ሰማች። ሥራው ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው የሚጀመረው፣ ተቀምጦም ይሠራል። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ሳምራ ግን፣ "የቸኮሌትና የኦቾሎኒ ፓይ ከሊጡ ጀምረሽ ራስሽ ሠርተሽ አምጪ። ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ እቀምሰዋለሁ" አለቻት።

ዓርብ! አሳየሽ ጿሚ ናት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አትቀምስም፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ቅቤና እንቁላል በአፏ አይዞርም። ቀኑን ቀይሩልኝ ማለት ግን አልሆነላትም። ሰው ማስቸገር ለእሷ ሞት ነው።

ዓርብ ከዳቦ ቤት እንደተመለሰች ቤቷ ገብታ ጀመረች። ዱቄቱን ከጉኑኖ በመጣ ለጋ ቅቤ በጣቷ ጫፍ እየፈተገች፣ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ እያደረገች አቦካችው። ዳምጣ ጎድጓዳ ትሪ ላይ አነጠፈችው። ካካዎውን ከስኳርና ከእንቁላል ጋር መታች። ኦቾሎኒውን ጥሬውን ገዝታ ራሷ መቁላት ነበረባት፤ ደክሟት መንገድ ላይ ተቆልቶ የሚሸጠውን ገዛች። እሱን የሚቆሉት በጨው ውሃ ነክረው ነው። እሷም ታውቃለች፤ ድካም አስረሳትና እንዳለ ጨመረችው። አንዷን ፍሬ አፏ ብታደርግ ይታወቃት ነበር፣ ግን ጾም ነው። ትሪውን ይዛ ወደ ዳቦ ቤት ተመለሰችና ምድጃው ሳይበርድ ጋገረችው።

እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ጴንጤ ነኝ፤ ዓርብም ቅቤ እበላለሁ፣ ያን ዕለት ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ተጋድሜ ነበር። አንድ ማንኪያ ብታቀምሰኝ ምን ነበረበት?

ሆቴሉ ስታደርሰው ወይዘሮ ሳምራ አንድ ቁራሽ ቀምሳ ሹካዋን አስቀመጠች።

"ሊጡ ግሩም ነው። ጨው ግን በዝቶበታል። አልቀመስሽውም እንዴ?"

"ጾም ነው።"

"እሱስ ልክ ነሽ። ግን የጾሙ ቀን ብዙ ነው። ያልተቀመሰ ነገር እንግዳ ፊት አላቀርብም።"

"የሚቀምስልኝ ሰው አለኝ" አለች አሳየሽ። ማንም አልነበራትም።

"እንዲያ ከሆነ ማክሰኞ ሌላ አምጪ።"

አመሻሽ ላይ በሬን አንኳኳች። "ወርቅውሃ፣ ዋሽቼ መጣሁ" ብላ ነገሩን ሁሉ ነገረችኝ።

"ማክሰኞ እኮ ጾም አይደለም፤ ራስሽ ትቀምሻለሽ" አልኳት።

"ማክሰኞስ ይሁን። ረቡዕስ? ሁዳዴስ? ሥራውን ካገኘሁ አንቺ ትቀምሺልኛለሽ ብዬ ነው። ካላስቸገርኩሽ።"

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ክብሪት እንኳ ለምናኝ አታውቅም። አንጀቴን በላችው። ዕንባዬ እንዳያሳጣኝ ብዬ ዞር አልኩና ወንበሩ ላይ ያለውን ልብስ ማንሳት ያዝኩ።

"እንኳን ፓይ፣ ሬትም ቢሆን እቀምስልሻለሁ! ነይ ግቢ፣ ተቀመጪ።"

ዞር ብዬ ሳይ መቃኑ ላይ ተደግፋ፣ እንደቆመች እንቅልፍ ወስዷታል።