የአጎቴ ቤት ኬላ የሆነበት ዓመት

ስፔን የሚባለውን አገር በዓይኔ አላየሁትም። ኮረብታዎቹን ግን እንደ ጎረቤቶቼ ነው የማውቃቸው። አንድ ስፔናዊ በቅሎዬ ላይ ተቀምጦ፣ እኔ ልጓሟን ይዤ፣ ከየቡ ከተማ እስከ ቡናው ጫካ ድረስ ስለነሱ ሲያወራልኝ ከርሟል።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ያኔ ጅማ፣ አወቱ መንደራ እኖራለሁ፤ ሥራዬ በቅሎ ማከራየት ነው። ትምህርቴ ከቁርአን ቤት ትንሽ፣ ከመሠረተ ትምህርት ትንሽ ነው። መኪና የማይገባበት ቦታ የሚሄድ የመንግሥት እንግዳ ሁሉ እኔ ጋ ይላካል፤ ይኼም ሰው እንደዚያ ተላከ። የቡና በሽታ ሊያጠና የመጣ ነው። እግሩ ከመርዘሙ የተነሣ በቅሎዋ ላይ ሲቀመጥ ጫማው ሣሩን ይጠርጋል። አማርኛውን አዲስ አበባ ከምግብ አብሳይዋ ጋር እያወራ ስለለመደው ሰውን ሁሉ «አንቺ» ይላል። እኔም አንቺ፣ ሊቀመንበሩም አንቺ። በትክክል የሚጠራት በቅሎዋን ብቻ ነበር።

ታዲያ ይህ ሰው አንድ አመል ነበረው። ኮረብታ ካየ አያልፍም።

«አንቺ፣ እዚያ ላይ ምን አለ?»

«ኮረብታ ነው ጌታዬ።»

«ከኮረብታው ላይስ?»

«ሣር።»

ያዝናል። በሱ አገር፣ በገጠሩ፣ ኮረብታ ሁሉ አናቱ ላይ የድንጋይ ግንብ አለው አሉ። የጥንት ነገሥታት የሠሩት ነው፤ ከሥሩ ደግሞ መንገዱ ከመጥበቡ የተነሣ ሁለት አህያ የማያስተላልፍ አሮጌ መንደር አለ። ሰው በበዓል ቀን ቤተሰቡን ይዞ፣ ምሳውን ቋጥሮ፣ ያን ዳገት ይወጣል።

«ማን ይኖርበታል?» አልኩት።

«ማንም።»

«ታዲያ ማንን ልትጠይቁ ትሄዳላችሁ?»

ሳቀና «ግንቡን» አለ። ቤት ሊጠይቁ የሚሄዱ ሰዎች! ሱብሃነላህ አልኩ በሆዴ። በኋላ ወደ ጅሬን ወሰድኩት፣ የጥንቱን የጅማ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ላሳየው። ግንብ ሲጠብቅ የእንጨት ሰገነት አገኘ። ቀጥሎ ዙሪያውን እየዞረ እንጨቱን እንደ ፈረስ ጀርባ ይዳብስ ጀመር። ስንመለስ አንድ ነገር ነገረኝ። «በኛ አገር እንዲህ ያረጀ ነገር አይፈርስም። ንጉሥ ሄደ፣ ሌላ መጣ፣ ግንቡን ማንም አይነካም።»

ይህቺን ቃል ይዤ በቀጥታ ወደ አጎቴ ሄድኩ።

አጎቴ ከየቡ በላይ፣ ከኮረብታው ጫፍ ላይ ይኖሩ ነበር። በዚያ ዓመት መንደር ምሥረታ መጥቷል። ገበሬው ሁሉ ከየኮረብታው ቤቱን በገዛ እጁ አፍርሶ፣ ምሰሶውን ተሸክሞ፣ ታች ሜዳ ላይ በገመድ በተለካ መስመር ይሥራ ተብሏል። ጎረቤቶቻቸው ወርደዋል። የአጎቴ ቀነ ገደብ ቡናው እስኪለቀም ነው። ሜዳው ውሃ ይተኛበታል፤ ደግሞ የተከሉትን ቡና ከታች ሆነው እንዴት ይጠብቁታል? «ጦጣዋ ኮሚቴ ታቋቁምልኛለች?» ይሉ ነበር። ሚስታቸው የተቀበሩትም እዚያው ጓሮ አጠገብ ነው። ይህንን ግን አይናገሩትም።

የስፔኑን ነገር ስነግራቸው ጢማቸውን እያሻሹ አዳመጡኝ።

«ያረጀ ቤት አይፈርስም አለ?»

«እንደዚያ ነው ያለው።»

«የኔ ቤት አላረጀም?»

«አጎቴ፣ ጭቃውን የረገጥኩት እኔ እኮ ነኝ!»

«አንተስ አላረጀህም?» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ማሎ፣ እባክህ ለዚያ ሰው ንገርልኝ። ከየቡ በላይ የድሮ ኬላ አለ ይባላል በለው።»

ኬላ ማለት በድሮው መንግሥት ጊዜ ነጋዴ የሚቀረጥበት፣ ዘበኛ የሚቆምበት የአገር በር ነው። ፊቱ ላይ ጥልቅ ቦይ ይቆፈርለታል፣ በቦዩ ላይ መሻገሪያ ግንድ ይጋደማል። እንዲህ ያለ ኬላ በጅማ ዙሪያ እንደነበረ ሁሉም ሰው ያውቃል። አጎቴ ቤት እንዳልነበረም ሁሉም ሰው ያውቃል።

ነገርኩት። «ይባላል» ነው ያልኩት፤ አጎቴ ብለዋልና ውሸት የለበትም።

ቀሪው ሥራ ቦዩ ነበር። እዚህ ላይ የየቡውን ካድሬ ላስተዋውቅ። ቀጭን፣ ድምፁ ግን ሰፊ የሆነ ወጣት ነው፤ የመንደር ምሥረታው ኃላፊ እሱ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ እያንዳንዱ አባወራ መጸዳጃ ጉድጓድ ይቆፍር ብሎ ነበር። አጎቴ ወገባቸው ድረስ ቆፍረው ድንጋይ ሲያጋጥማቸው «እኔ ጫካ አለኝ» ብለው ተዉት። ካድሬው መጥቶ አይቶ ተቆጥቷል። ከዚያ የየቡ ገበያ ላይ በተደረገው ስብሰባ፣ ከጅማ የመጣው የበላይ ኃላፊ ባለበት፣ «በዚህ ቀበሌ መጸዳጃ ቆፍሮ፣ ከድኖ የማይጠቀም አንድ አባወራ የለም!» ብሎ ተናገረ። ተጨበጨበለት። አጎቴም አጨብጭበዋል።

ያንን ጉድጓድ ነው ያስረዘምነው። እኔና ልጆቻቸው በግራም በቀኝም እየቆፈርን ከቤቱ ፊት ለፊት እንደ ቀለበት አዞርነው። አፈሩ ትኩስ እንዳይመስል አመድ፣ የቡና ገለፈትና እበት በጥብጠን ደፋንበት። የድሮ የከብት በረት ምሰሶ ነቅለን በር አቆምን። አጎቴ ይኼም አልበቃቸው፤ የኔን የተጣለ ኮርቻ ምድጃ ላይ ሰቅለው በጭስ አጠቆሩትና ግድግዳ ላይ አንጠለጠሉት። «የዘበኞቹ አለቃ ኮርቻ» ተባለ።

እኔ የጠበቅሁት ስፔናዊውን ብቻ ነበር። እሱ ግን ላስተናገደው ለዚያ ለጅማው ኃላፊ «ኬላ ልጎበኝ ነው» ብሎ ኖሯል። ኃላፊው እሱ ያልሰማውን ታሪክ ፈረንጅ መስማቱ ከንክኖት አብሮ መጣ። ካድሬውም ከኋላ። ዳገቱን ወጣን፤ ቀልዱ ካልሰመረ አጎቴ በማግሥቱ ምሰሶ ተሸካሚ ናቸው።

አጎቴ ነጭ ጥምጣማቸውን አድርገው በሩ ላይ ቆመዋል። «አሰላሙ አለይኩም፣ ወደ ኬላው እንኳን በደህና መጣችሁ።»

ካድሬው ቦዩ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። ጎንበስ ብሎ መሐሉን አየ። ዐወቀው።

«አባቴ፣ ይሄ ጉድጓድ እኮ...»

«ምንድነው ጓድ?» አለ ኃላፊው።

አጎቴ የሙስባሃቸውን ዶቃ እየቆጠሩ በለዘበ ድምፅ፣ «ንገራቸው እንጂ ልጄ። ባለፈው መጥተህ በዓይንህ አይተኸው የለ? ምን እንደሆነ ካንተ በላይ የሚመሰክር የለም» አሉ።

ካድሬው አፉን ከፈተ። መጸዳጃ ነው ቢል፣ ታዲያ ያ ተከድኖ በሥራ ላይ ነው የተባለው የት አለ? ሊባል ነው።

«ይሄ... የድሮ ቦይ ነው።»

«የኬላው ምሽግ ማለትህ ነው?»

«ምሽግ። አዎ። ምሽግ ነው ጓድ።»

ኃላፊው ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ዙሪያውን ቃኘና «የኚህ አባት መጸዳጃስ በየት በኩል ነው?» አለ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«ከቡናው ማዶ!» አለ ካድሬው በፍጥነት። «ሩቅ ነው ጓድ፣ ጭቃም አለው።»

በዚህ መሐል ስፔናዊው በዚያ ረጅም እግሩ ዘሎ ቦዩ ውስጥ ገብቷል። ግድግዳውን በጣቱ ጫር አደረገ። እኔ ካለሁበት የዶማው ምልክት በግልጽ ይታየኛል፤ ለሱ አፍንጫው ሥር ነው። ቀና ብሎ አጎቴን አየ። አጎቴም ዓይናቸውን ሳይሰብሩ አዩት። ሁለት ሰዎች እንደዚያ ሲተያዩ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም።

«በጣም ጥሩ ነው» አለ። «በአገሬ እንዲህ ያለ ብዙ አለ።»

አሮጌ ነው አላለም። ልብ አድርጉልኝ።

ወደ ቤት ተገባ። በቅሎዬ አንገቷን በበሩ አስግጋ ኮርቻውን አሸተተች፤ የራሷን ላብ ዐውቃ ይሁን ምን እንጃ፣ አልለቅም አለች። በልጓሟ ጎትቼ አወጣኋት። ስመለስ አጎቴ ታሪኩን ጀምረዋል። ነጋዴው ከየት እንደሚመጣ፣ ዘበኞቹ እንዴት እንደሚፈትሹ፣ ጨው ስንት፣ ጥጥ ስንት እንደሚቀረጥ ሲተርኩ፣ ከትረካው ጣፋጭነት የተነሣ እኔም ላምን ምንም አልቀረኝም።

ኃላፊው ግን ፊቱ ተለወጠ። «ስለዚህ ይሄ ፊውዳሎች ሕዝቡን የሚዘርፉበት በር ነበር! ታዲያ እስከዛሬ ለምን ቆመ?»

ካድሬው ነፍስ ዘራ። «በዚህ ሳምንት ይፈርሳል ጓድ!»

ኬላ ባንለው ኖሮ ቢያንስ ቡናው እስኪለቀም ጊዜ ነበረን።

«ታሪኩ መቼ አለቀ?» አሉ አጎቴ። ሙስባሃው ቆመ። «ዘበኞቹ እኮ ድሆች ነበሩ፤ እግራቸው ባዶ፣ ሆዳቸው ባዶ። አንድ ቀን፣ ወላሂ... » እዚህ ላይ መሐላውን ዋጡት። «አንድ ቀን፣ ይባላል፣ አመፁ። ከእንግዲህ ከድሃ ነጋዴ ቀረጥ አንቀበልም ብለው መሻገሪያውን ግንድ አነሱት። የጌቶቹ ወታደሮች ሲመጡ ያ ቦይ መለሳቸው።»

«ያ ቦይ?» አለ ኃላፊው።

«እሱ ራሱ። ካድሬያችን ያሳዩዎት።»

ኃላፊው ተነሥቶ ቆመ። «ጭቁኖች የተዋጉበት ምሽግ! ጓድ፣ ይሄን ሳታውቅ ልታፈርሰው ነበር?»

ካድሬው ማስታወሻውን አውጥቶ መጻፍ ጀመረ።

«ይጠበቃል እንጂ አይፈርስም» አለ ኃላፊው። «ግን ታሪካዊ ቦታ ላይ ሰው አይኖርም፤ አባታችን እርስዎ ወደ አዲሱ መንደር ይወርዳሉ።»

ቤቱ ተርፎ ሰውየው ሊሄዱ! የአጎቴ ዓይን በጓሮው በር በኩል ወደ ውጭ ሄደ። ያን ጊዜ ስፔናዊው ጉሮሮውን ጠረገና ኃላፊውን «አንቺ» አለው።

ኃላፊው ዙሪያውን አየ።

«አንቺ፣ በአገሬ ግንብ ሁሉ ሽማግሌ ዘበኛ አለው። እዚያው ያድራል። ቁልፍ ይይዛል፣ ለእንግዳ ያወራል። ዘበኛ የሌለው ግንብ ድንጋዩ ይሰረቃል።»

ኃላፊው አሰበበት። «እንግዲያው ጠባቂው እርስዎ ይሁኑ።»

«እኔ?» አሉ አጎቴ። «ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ እየኖረ እኔ ብቻዬን እዚህ ኮረብታ ላይ?»

«ለአብዮቱ ነው አባቴ።»

አጎቴ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «ለአብዮቱ ከሆነ ምን አደርጋለሁ፣ እችለዋለሁ ኢንሻአላህ።»

ዳገቱን ስንወርድ ኃላፊውና ካድሬው ቀድመው ነበር። ስፔናዊው ከበቅሎዋ ጎንበስ ብሎ፣ «አንቺ፣ በመንደሬ ግንብ ውስጥ ጨለማ ጉድጓድ አለ። እስረኛ የሚጣልበት ነበር እያሉ ለእንግዳ ያሳያሉ። አያቴ ናቸው የቆፈሩት፣ ለወይን ጠጅ ማስቀመጫ» አለኝ። አስተግፊሩላህ አልኩና እስከ የቡ ድረስ አብረን ሳቅን።

አጎቴ ኬላቸውን ሲጠብቁ ዓመታት አለፉ። ከጅማ ተማሪ ይመጣል፣ ልዑካን ይመጣል፤ አመፁ በየጊዜው እየረዘመ ሄደ፤ መጨረሻ ላይ በቅሎ የጋለበች ሴት ዘበኛም ገብታበት ነበር። ካድሬው እንግዳ ባመጣ ቁጥር ቦዩን ራሱ ያስረዳል። እንዲያውም ከአጎቴ ይልቅ እሱ ያሳምረው ነበር።

ከዚያ የደርግ ጉልበት ሲላላ መንደሩ ፈረሰ። ገበሬው ምሰሶውን መልሶ ተሸክሞ ወደየኮረብታው ወጣ። ከላይ ግን ጣራ ያለው አንድ ቤት ብቻ ነው፣ የአጎቴ። ዝናቡ ደግሞ ጀምሯል። ጎረቤቶቻቸው የራሳቸውን እስኪሠሩ ድረስ ከነልጆቻቸው፣ ከነዶሮዎቻቸው እዚያ ተጠጉ። እኔም ምሰሶ በበቅሎ ሳመላልስላቸው ሰነበትኩ። አንድ ቀን የቅርብ ጎረቤታቸው፣ የልጅነት ጓደኛቸው፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ግንዱን ተሻግሮ ሊገባ ሲል አጎቴ በሩ ላይ ቆመው በከዘራቸው ከለከሉት።

«አንተ ሰው፣ እግርህን ጥረግ። የት የምትገባ መሰለህ?»

«ቤትህ ነዋ!»

«ቤቴ ነው?» አሉና ወደኔ ዞሩ። «ታሪኩን ያልሰማ ሰው አመጣህብኝ?» ብለው ከበሩ ገለል አሉለት።