ሁለቱ ድንኳን አስጪዎች

ሰይፈሥላሴ ሰው ፊት ሲቆም ምላሱ የሚታሰርበት ሰው ነው። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡረታ ሲወጣ የሥራ ጓደኞቹ ሽኝት ቢያደርጉለት፣ “እግዜር ይስጥልኝ” ብሎ ተቀመጠ። ሌላ ቃል አልወጣውም። እድሩም ይኼን አይቶ ነው ዕቃ ቤቱን የሰጠው። ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ንግግር አይጠይቁም።

ዕቃ ቤቱ አንድ ሕግ አለው። የአቃቂ ዝናብ ያገኘው ድንኳን ፀሐይ ሳይመታው አይታጠፍም። እርጥቡን ከታጠፈ ይሻግታል፤ ከሻገተ ደግሞ ሸራው እንደ ወረቀት ይቀደዳል። ስለዚህ ከለቅሶ በኋላ ግቢው ውስጥ ዘርግቶ፣ አንዱ ጎን ሲደርቅ ሌላውን መገልበጥ ነው። ይኼ ለአንድ ሰው አይቻልም። ጎረቤቱ ቢቂላ፣ ዕድሜውን በጭነት መኪና ላይ የጨረሰው ቢቂላ፣ “ምን ሥራ አለኝ፣ እኔ እረዳሃለሁ” ብሎ መጣ።

አንድ ቀን ሰይፈሥላሴ ስልኩን ሊያሠራ ሳሪስ አንድ ሱቅ ሄዶ፣ መስታወቱ ውስጥ መዳፍ የምታክል የጌም መጫወቻ አየ።

“የድሮ ጌሞች ናቸው አባቴ። ለልጅ ልጅዎ ነው?” አለው ሻጩ።

“አዎ” ብሎ ገዛት። የልጅ ልጅ ግን የለውም።

ጌሟን ለቢቂላ ያሳየው ከብዙ ማመንታት በኋላ ነው። ቢቂላ አልሳቀበትም። “እስቲ ወዲህ በላት” አለ፣ በዚያው ቀረ።

ውስጧ ብዙ ዓይነት ጨዋታ ነበር። የተኩሱን ተዉት። የመኪናውን ቢቂላ ሞክሮ “ይኼ መንዳት አይባልም” አለ። የወደዱት ዝላዩን ነው። አንዲት ሚጢጢ ሰውዬ ትሮጣለች፣ ጉድጓድ ትዘላለች፣ ደመና ላይ ትቆማለች። ጽሑፉ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። ሁለቱም ፊደል እየቆጠሩ ነው የሚያነቡት፣ ያውም አማርኛውን። ለመዝለል ግን ንባብ አያስፈልግም።

አንዱ እስኪወድቅ ይጫወትና ለሌላው ያቀብላል። ቢቂላ ስለ ጌሞቹ የሚያወራው እንደ መኪና ነበር። በረዶ ላይ የሚያንሸራትተውን “ፍሬን የለውም፣ ተወው” ይላል። የሚወደውን ደግሞ “ይኼ ጨዋ ነው። ከወደቅክ ጥፋቱ ያንተ ነው” ይላል። ለሁለቱም ደህና የዝላይ ጌም ማለት ይኸው ነበር፤ የማያጭበረብር፣ ትናንት የወደቅክበትን ዛሬ የሚያሳልፍህ።

ታዲያ ድንኳኑ “ነገ እናሰጣዋለን” እየተባለ በእርጥቡ ይጠቀለላል። ነገ ሲመጣ የዕቃ ቤቱን በር ከውስጥ ዘግተው ይቀመጣሉ። የቢቂላ ሚስት ያለምወርቅ “ዛሬም ድንኳን?” ስትለው፣ “ሰይፉ ብቻውን አይችልማ” ይላታል።

ክረምቱ መሀል ላይ ቢቂላ በድንገት ሞተ። ድንኳኑ ደጁ ላይ ሲዘረጋ የሻጋታ ሽታው ሰው አስነጠሰ። “አርጅቷል” ተባለ። ሰይፈሥላሴ ገመዱን ማጥበቅ ቀጠለ።

በሠልስቱ ቀን ዝናቡ ወረደ። ሸራው ያጠራቀመውን ውኃ መያዝ አቃተውና ሐዘንተኛው ላይ ያንጠባጥብ ጀመር። ካርታ የሚጫወቱት ሰዎች ወንበራቸውን ጎተቱ።

“ምን ዓይነት ነገር ነው” አሉ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ገብረጻድቅ። “ቢቂላ ነፍሱን ይማረውና ስንት የለፋበት ድንኳን፣ በራሱ ለቅሶ ያፍስስ?”

ሰይፈሥላሴ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

በዚህ መሀል ያለምወርቅ ከቤት ወጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ በእጇ ጌሟን ይዛለች።

“ከጃኬቱ ኪስ አገኘኋት። ሰይፉ፣ ያንተ ናት እንዴ? ካንተ ጋር ነበር የሚውለው።”

ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

“እኔ... አላውቃትም” አለ።

ካርታ ሲያድል የነበረው አሻግሬ ተቀብሎ አገላበጣት። “የልጆች ጌም እኮ ናት። አይ ቢቂላ፣ ካርታ ና ሲሉት ዓይኔን ያመኛል ይል ነበር፣ ለካ ጉዱ ሌላ ነው።” አጠገቡ ያሉት ሳቃቸውን ዋጡ።

ያለምወርቅ ግን አልሳቀችም። “የኛ ልጆች እንደሆኑ ወልደው ከብደዋል” አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። “ለማን ልጅ ነው ታዲያ በኪሱ የያዛት? ድንኳን እያለ የሚሄድበት ሌላ ቤት ነበረው?”

በለቅሶ ላይ ያልታወቀ ልጅ ብቅ ሲል ያላየ ሰው አልነበረም። አሻግሬ ጌሟን እንደ ጋለ ነገር ወንበሩ ላይ አስቀመጣት።

ሰይፈሥላሴ ተነሣ።

“የኔ ናት” አለ። “ሌላ ልጅ የለውም። የምንጫወተው እኔና እሱ ነን።”

“መቼ?” አሉ ጋሽ ገብረጻድቅ።

“ድንኳን ስናሰጣ።”

“እያሰጣችሁ ነው ወይስ ትታችሁ?”

ውኃው ጠብ ጠብ ይላል።

“ትተን” አለ።

ሁሉም ቀና ብሎ ጣራውን አየ። እሱ ብቻ እግሩን ያያል።

ያለምወርቅ ቀረበችው። “ማልልኝ። ሌላ የለም?”

“መድኃኔዓለምን፣ የለም እትዬ ያለም። መጀመሪያ አላውቃትም ያልኩት... አፍሬ ነው።”

“በሱ ስም ሲሳቅ እያየህ?” አለችው።

መልሱን ሳትጠብቅ ሄዳ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነችና እንደ አዲስ አለቀሰች።

“ቁልፉን ለአሻግሬ አስረክብ” አሉ ጋሽ ገብረጻድቅ፣ ሳይቆጡ። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

አስረከበ። ከዚያ ጥግ ላይ የተረፈ ቋሚ እንጨት አነሣና፣ ያለምወርቅ በተቀመጠችበት በኩል ያዘቀዘቀውን ሸራ ወደ ላይ ገፍቶ ያዘ። ውኃው በውጭ በኩል ፈሰሰ፤ እሷ ላይ መንጠባጠቡም ቆመ። ክንዱ ዛለ። ካርታው እንደገና ታደለ፤ “ልተካህ” ያለው ግን የለም። እሱም እንዳይሉት እየፈራ፣ አንገቱን ደፍቶ ዝናቡ እስኪያባራ እንጨቱን ይዞ ቆመ።